የግልገሎች አዙሪት፤ ምልክቱ፥ መነሻውና መከላከያው

ልጆች ሆይ! በሐይቅ ዳርና በአምባሰል ተራራ ሥር በግና ፍየል የምትጠብቁ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ግልገል ሲታመም ከአባታችሁ አስቀድሞ የሚያየው የእናንተ ዐይን ነው። አንድ ጠቦት ለድኻ ቤት ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ በክፉ ቀን እህል የሚሸመትበት፥ ለተማሪውም ልብስና ደብተር የሚገዛበት እርሱ ነው። እንግዲህ ግልገልን ከሚያጠፉት በሽታዎች አንዱን፥ ባላገር አዙሪት የሚለውን፥ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጣለን።

ምልክቱ ይህ ነው። የታመመው ግልገል አስቀድሞ ከመንጋው ይለያል፤ ፈዝዞም ይቆማል። ኋላ ራሱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ባንድ ስፍራ እንደ እንዝርት ይዞራል። አንዳንዱ ዐይኑ ይታወራል፤ እግሩ ይሰናከላል፤ ግንባሩንም ከግድግዳ አስጠግቶ ይገፋል። በሽታው ሲቈይ የራስ ቅሉ ባንድ በኩል ሊሳሳና በጣት ሲነኩት ሊሰረጕድ ይችላል። በመጨረሻም መብላት ይተውና ከስቶ ይሞታል። በሽታው ይልቁንም የሚበረታው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ባለው ግልገል ላይ ነው።

ስለ መነሻው ብዙ ሰዎች ቡዳ በላው፥ ጋኔን ያዘው ይላሉ። ነገር ግን የራስ ቅሉ ሲፈለጥ እውነቱ በዐይን ይታያል። በአንጎሉ ውስጥ ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ የሞላበት ስስ ከረጢት ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም የዶሮ እንቁላል ያህላል። በከረጢቱ ላይ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያሉ ብዙ ነጫጭ ነጥቦች አሉ፤ እያንዳንዱም ነጥብ የኮሶ ትል ራስ ነው። ከረጢቱ እያደገ አንጎሉን ስለሚጫነው ግልገሉ ይዞራል።

ትሉስ ከወዴት መጣ? ከውሻ ነው። ለፋሲካ ወይም ለዓረፋ በግ ሲታረድ ራሱ ለውሻ ይጣላል። በበጉ ራስ ውስጥ ያ ከረጢት ካለ፥ ነጥቦቹ በውሻው አንጀት ተጣብቀው ረጃጅም የኮሶ ትሎች ይሆናሉ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ የትሉ እንቁላል ከውሻው ኵስ ጋራ በሣርና በውሃ ላይ ይወድቃል። ግልገሉ ያን ሣር ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ ትሉም በደም ሥር አልፎ ወደ አንጎል ይደርሳል። የሚዞረው ግን ከወራት በኋላ ስለ ሆነ ሰው ምክንያቱን አያስተውልም። ይህንንም ኩሸንማይስተር የሚባል የጀርመን ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1853 ዓመት ከታመመ በግ አንጎል የወጣውን ከረጢት ለውሾች አብልቶ አስረዳ።

ከረጢቱ ካደገ በኋላ በመድኃኒት ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ቀዶ ሊያወጣው የሚችለው አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።

አንደኛ፥ የታረደ ወይም የሞተ በግና ፍየል ራስ ለውሻ ከቶ አይሰጥ፤ ይቃጠል፥ ወይም ውሻና ቀበሮ ቈፍረው በማያወጡት ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር።

ሁለተኛ፥ ሰው ኮሶ እንደሚጠጣ ለውሻም የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን በየሦስት ወሩ በእንስሳት ሐኪም ምክር መስጠት ነው። መድኃኒቱን በወሰደ ሰሞን ውሻው ይታሰር፤ ኵሱም ይቀበር።

ሦስተኛ፥ ውሻ በግልገሎች ማደሪያና በመኖ ላይ አይተኛ። ትሉ አልፎ አልፎ ሰውንም ስለሚይዝ፥ ውሻ የነካ እጁን ታጥቦ ይብላ።

አራተኛ፥ የሚዞር ሁሉ አዙሪት ብቻ አይደለም። ግልገሉ ለሐጩን ቢያዝረበርብ፥ ያለ ልማዱ ቢጮኽ ወይም ቢናከስ፥ በእብድ ውሻ ተነክሶ ይሆናልና እጃችሁን ወደ አፉ አታግቡ፤ ፈጥናችሁ ለታላላቆች ንገሩ፤ እነርሱም ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቁ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ ይህን ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። ጕድጓድ መቈፈር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ጠቦቱን ለማሳደግ ግን ዓመት ይፈጃል።