የስፓዛው ሒሳብ

ጆሃንስበርግ መሐል ያለው የሐበሻ ነጋዴዎች መንገድ ስሙ ተቀይሮ ራሂማ ሙሳ ጎዳና ከተባለ ቆይቷል፤ ለሐበሻው ግን ያው ጄፒ ነው። ድሮ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበረው ሜዲካል አርትስ ሕንጻ ዛሬ ከታች እስከ ላይ ሱቅ ነው፤ የምርመራ ክፍሎቹ ተሸንሽነው ለነጋዴ ተከራይተዋል። ከዚምባብዌና ከሞዛምቢክ በአውቶቡስ የሚመጡ ነጋዴዎች ልብስና ብርድ ልብስ በጅምላ ጭነው ይመለሳሉ። ሐኪሞቹ ለቀውት የሄዱት ሕንጻ ባለቤት አሁን ኪራይ ሰብሳቢ ነው፤ ቃሉን በፖለቲካው ሳይሆን በድሮው ትርጉሙ ያዙልኝ።

ከመሐል ከተማ ወጣ ብለው ባሉት፣ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ደግሞ ስፓዛ አለ፤ በሰው ግቢ ውስጥ ካለች አንዲት ክፍል የምትሠራ ሱቅ። አከራዩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ራሱ ይነግድባት የነበረ የአገሩ ሰው ነው። ኢትዮጵያዊውና ሶማሌው በእቁብና በዘመድ ብድር ይገባሉ፣ ተባብረው በጅምላ ይገዛሉ፣ በትንሽ ትርፍ እስከ ምሽት ይሸጣሉ፤ ለሚያምኑት ጎረቤት በዱቤም ይሰጣሉ።

«ገንዘቡን ወደ አገራቸው ይልካሉ» የሚለው ክስ ግማሽ እውነት አለው። ትርፉ ሆሳዕና ላይ ቤት ሊሠራበት ይችላል። ዕቃው ግን የተገዛው እዚያው ካለ ጅምላ አከፋፋይ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ባለሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲገዛ 15 በመቶውን ይከፍላል፣ ከመንግሥት አስመልሶ አይወስደውም። «ግብር አይከፍሉም» ሲባል ይህ ይረሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የስደተኛው ሱቅ ጥቅም በሺዎች ኪስ ውስጥ በሳንቲም ይበተናል፤ ዳቦ በርካሽ ስላገኘ ሰልፍ የሚወጣ የለም። ጉዳቱ ግን አጠገቡ ባለው የአገሬው ባለሱቅ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ እሱ ደግሞ ስምና ማኅበር አለው፣ ስብሰባ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣውና ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጥቃት ሥራ አጥነትና የቤት እጦትን የመሰሉ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ የሱቅ ፉክክር ግን ከቁጣው ማገዶ አንዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 የደቡብ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ነግደው የመኖር መብት እንዳላቸው ወሰነ። በ2024 መጨረሻ ሕጻናት በምግብ መመረዝ ከሞቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ስፓዛዎች ሁሉ በ21 ቀን እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀኑ ኋላ ላይ ተራዝሟል። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው፤ የሚበላ ነገር የሚሸጥ ሁሉ ሊታይ ይገባል። ወረቀት የሌለው ሲዘጋ ግን አከራይዋ የወር ገቢዋን፣ አከፋፋዩ ደንበኛውን፣ ሰፈሩ የምሽት ዳቦውን ያጣል። የጎረቤቱ ባለሱቅም ፋታ ያገኛል፤ ሎኬሽኑ ውስጥ ቅርንጫፍ መክፈት የለመደው ትልቁ ሱፐርማርኬት እስኪደርስበት።