ጥሩነሽ ወይስ መሠረት?

«የትውልዱ ታላቅ ማን ናት?» የሚለው ክርክር ከመናኸሪያ እስከ ሳሎን ቤታችን

ሆሳዕና መናኸሪያ ገብተው የዱራሜ ወይም የሺንሺቾ መኪና እስኪሞላ ጠብቀው ያውቃሉ? ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ ዞር ብለው ሲቆጥሩ አምስት ወንበር ባዶ ነው። ተሳፋሪው መጀመሪያ ስለ ታሪፍ ያወራል፣ ቀጥሎ ስለ ገበያ። ያ ሲያልቅ አንዱ ስፖርት ያነሳል፤ ያኔ ከኋላ ወንበር እስከ ጋቢና ሁሉም ተከራካሪ ይሆናል። ሜሲ ወይስ ሮናልዶ? አሊ ወይስ ታይሰን? ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ? መኪናው ሞልቶ ቢነሳ እንኳ ክርክሩ አብሮ ይሳፈራል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልንከራከርበት የሚገባ አንድ የራሳችን ጥያቄ አለ፤ ጥሩነሽ ዲባባ ወይስ መሠረት ደፋር? ኃይሌ ቀነኒሳን በዘጠኝ ዓመት ይበልጠዋል፤ የአንዱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሌላው ገና እየወጣች ነበር። ጥሩነሽና መሠረት ግን በዕድሜ ሁለት ዓመት እንኳ አይበላለጡም። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ባንዲራ፣ በአንድ ርቀት፣ ትከሻ ለትከሻ ሮጠዋል። ማነጻጸር የሚቻል ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ነው።

ይህ ክርክር ለቤተሰብም ቅርብ ነው። ሁለት ጎበዝ ሴቶችን ጎን ለጎን አቁመን «ማን ትበልጣለች?» ስንል፣ በቤታችን ያሉ ልጆች እንዴት እንደምንመዝን ይሰማሉ። ነገ በእነርሱ ላይ የምንጠቀመው ሚዛን ያው እንደሆነ ያውቃሉ።

ቦክስ ምን ያስተምረናል?

የታላቅነትን ክርክር እንደ ቦክስ አፍቃሪዎች ያራቀቀው የለም። በቦክስ ከባዱ ቀላሉን ማሸነፉ የማይገርም ስለሆነ «ክብደታቸው እኩል ቢሆን ኖሮስ?» የሚል ሚዛን አበጅተዋል። በዚህ ሚዛን ብዙዎች ከሁሉም በላይ የሚያስቀምጡት አሜሪካዊውን ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ነው።

አንዳንዴ ፍርዱን ለቡጢ መተው ይቻላል። መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር ሦስት ጊዜ ተጋጥመዋል። በ1963 ዓ.ም. ፍሬዘር አሸነፈ፣ በ1966 እና በ1968 አሊ። ሁለት ለአንድ፤ አለቀ። አንዳንዴ ግን ቡጢውም አይፈርድም። ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያዎ ከዓመታት ድርድር በኋላ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ላስ ቬጋስ ላይ ተገናኙ፤ ሦስቱም ዳኞች ለሜይዌዘር ፈረዱ። ክርክሩ ቆመ? አልቆመም። የሜይዌዘር ወገን «50 ጊዜ ተጋጥሞ 50 ጊዜ አሸንፏል» ይላል። የፓኪያዎ ወገን «በስምንት የክብደት ዓይነቶች የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ማን አለ?» ይላል። አንዱ ያለመሸነፍን ይቆጥራል፣ ሌላው በስንት ሜዳ ማሸነፍን። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚመልሱት ግን የተለያየ ጥያቄ ነው።

የመናኸሪያ ረዳት ይህን ሳይማር ያውቀዋል። «ከእነዚህ መኪኖች የትኛው ይሻላል?» ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ለአዲስ አበባ መንገደኛ የሚሻለው መኪና ለጃጁራ መንገደኛ አይሆንም። የጥሩነሽንና የመሠረትንም ነገር በዚህ ጥያቄ እንየው።

ሁለት ለሁለት

ሁለቱ በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አራት ጊዜ ተፋጠዋል።

የመጀመሪያው በነሐሴ 1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ነው። ጥሩነሽ ከአንድ ዓመት በፊት በፓሪስ፣ ገና በ18 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆና ነበርና ብዙ ዓይን እርሷ ላይ ነበር። ወርቁን የወሰደችው ግን የ20 ዓመቷ መሠረት ናት። ኬንያዊቷ ኢዛቤላ ኦቺቺ ሁለተኛ ወጣች፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ።

በዓመቱ ሄልሲንኪ ላይ ተራው የጥሩነሽ ሆነ። 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ፣ በቀናት ልዩነት ተመልሳ 5 ሺህውንም ወሰደች። መሠረት ሁለተኛ፣ የጥሩነሽ ታላቅ እህት እጅጋየሁ ዲባባ ሦስተኛ፣ መሰለች መልካሙ አራተኛ ሆኑ። ከአንድ እስከ አራት የኢትዮጵያ ልጆች ብቻ!

በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ጥሩነሽ 10 ሺህ ሜትሩን ከ30 ደቂቃ በታች፣ በ29 ደቂቃ ከ54.66 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ከሳምንት በኋላ የተደረገው የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ እርስ በርስ በመፈራራት እጅግ ቀርፋፋ ሆነ። ቀርፋፋ ውድድር ደግሞ በመጨረሻው ዙር መፈትለክ ለሚችል ሰው የተዘጋጀ ድግስ ነው። ጥሩነሽ ተፈተለከች፤ መሠረት ሦስተኛ ሆና ገባች። ጥሩነሽም በአንድ ኦሊምፒክ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

አራተኛው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ነው። ሁለቱም ወደዚያ የመጡት ከጨለማ ወጥተው ነበር። ጥሩነሽ ለረጅም ጊዜ በጉዳት ከትልልቅ መድረኮች ርቃ ቆይታ፣ ተመልሳም ከሳምንት በፊት 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋለች። መሠረት ደግሞ በበርሊንና በዴጉ የዓለም ሻምፒዮናዎች ከነሐስ ማለፍ አቅቷት ሰንብታለች። በበርሊኑ 10 ሺህ ሜትርማ እየመራች መጥታ መጨረሻው ላይ ጉልበቷ ከድቷት አምስተኛ ነበር የወጣችው። ለንደን ላይ ግን በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ጥሩነሽን አልፋ ወርቁን ወሰደች። ቪቪያን ቼሪዮት ሁለተኛ፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ ሆኑ። በአንደኛዋና በሦስተኛዋ መካከል አንድ ሰከንድ እንኳ አልነበረም። መሠረት ከመለያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ያየ ሰው፣ ያ ወርቅ ስንት ዓመት እንደተጠበቀ ገብቶታል።

ሁለት ለሁለት። ሜዳው ራሱ አልፈረደም።

ከሜዳልያ ውጪ ባሉ ውድድሮችም መሠረት የጥሩነሽን ድግስ ማበላሸት ታውቅበታለች። በ1998 ዓ.ም. ጥሩነሽ የጎልደን ሊግን ስድስት ውድድሮች ለመጠቅለል አምስቱን አሸንፋ በርሊን ስትደርስ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት የቀደመቻት መሠረት ናት። በ2005 ዓ.ም. ዙሪክ ላይም እንዲሁ ቀድማታለች።

በቁጥር ሲታዩ

*ጥሩነሽ ዲባባ*
• ኦሊምፒክ፦ 3 ወርቅ (10 ሺህ ሜትር በቤጂንግና በለንደን፣ 5 ሺህ ሜትር በቤጂንግ) እና 3 ነሐስ
• የዓለም ሻምፒዮና፦ 5 ወርቅ (5 ሺህ ሜትር በፓሪስና በሄልሲንኪ፣ 10 ሺህ ሜትር በሄልሲንኪ፣ በኦሳካና በሞስኮ) እና 1 ብር
• የዓለም አገር አቋራጭ፦ በአዋቂዎች 4 የግል ወርቅ
• ማራቶን፦ በ2010 ዓ.ም. የቺካጎ አሸናፊ

*መሠረት ደፋር*
• ኦሊምፒክ፦ በ5 ሺህ ሜትር 2 ወርቅ (አቴንስና ለንደን)፤ በመካከሉ በቤጂንግም ሜዳልያ
• የዓለም ሻምፒዮና፦ በ5 ሺህ ሜትር 2 ወርቅ (ኦሳካና ሞስኮ)፣ 1 ብር እና 2 ነሐስ
• የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና፦ በ3 ሺህ ሜትር 4 ተከታታይ ወርቅ
• በ1999 ዓ.ም. የዓለም የዓመቱ ምርጥ ሴት አትሌት

ሰዓቱስ ምን ይላል?

የሜዳልያው ክርክር ካልተፈታ ሰዓት እንጠይቅ። በ1998 ዓ.ም. መሠረት ኒው ዮርክ ላይ የ5 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ደቂቃ ከ24.53 ሰከንድ ሰበረች፤ የቀድሞውን ያሻሻለችው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ በምትሆን ቅጽበት ነው። በዓመቱ ኦስሎ ላይ 14 ደቂቃ ከ16.63 ሰከንድ በመግባት ከራሷ ክብረ ወሰን ወደ 8 ሰከንድ ቀነሰች። ደጋፊዎቿ «አሁንስ ማን ይደርስባታል?» አሉ። መልሱ አንድ ዓመት አልዘገየም። በዚያው ኦስሎ ጥሩነሽ 14 ደቂቃ ከ11.15 ሰከንድ ሮጠች።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀባብለው ከ13 ሰከንድ በላይ ከክብረ ወሰኑ ላይ አነሱ። የጥሩነሽ ሰዓት ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ቆሞ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለተሰንበት ግደይ ቫሌንሲያ ላይ ሰበረችው። እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሞ ለሚያይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ አንዷ ስትፈጥን ሌላዋ ተኝታ አላደረችም። ተፎካካሪ ጠላት የሚመስለን ለእኛ ለተመልካቾች ነው፤ ለሯጭ ግን በጠዋት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ደወል ነው።

እንግዲህ ማን ትበልጣለች?

«ሁለቱም ጎበዞች ናቸው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ለሁለቱም ክብር አይሆንም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኸው።

ጥያቄው «በ5 ሺህ ሜትር» ከሆነ መሠረት ናት። ርቀቱ በሴቶች ኦሊምፒክ ከተጀመረበት ከአትላንታ ጊዜ ወዲህ ይህን ወርቅ ሁለት ጊዜ የወሰደች ሴት መሠረት ብቻ ናት። ያውም ተነጥቃ፣ ስምንት ዓመት ቆይታ፣ ከነጠቀቻት ሰው ላይ መልሳ ነው የወሰደችው።

ጥያቄው «በሩጫ» ከሆነ ግን ጥሩነሽ ናት። በጭቃ አገር አቋራጭ፣ በትራክ አጭሩንም ረጅሙንም፣ በኋላም በአስፋልት ማራቶን አሸንፋለች። የኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትርን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈች ሴት እርሷ ብቻ ናት። ኦሳካ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ተጠልፋ ወድቃ፣ ተነሥታ፣ ደርሳባቸው፣ አሸንፋ የወጣችውን ውድድር የሚረሳ የለም። ለዚህ ነው «የትውልዱ ታላቅ» የሚለውን ስም ስጥ ብባል ለጥሩነሽ የምሰጠው። የለንደኑን የመጨረሻ ቀጥታ መስመር ባየሁ ቁጥር ግን እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ክርክሩ ሳሎን ሲገባ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የዲባባ ቤት ሦስት እህትማማቾችን ለዓለም ሰጥቷል። ገንዘቤ በ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ይዛ ነበር፣ የዓለም ሻምፒዮንም ሆናለች። ታላቃቸው እጅጋየሁ ደግሞ በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳልያ አግኝታለች። የኦሊምፒክ ብር! ሆኖም ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሳት «የጥሩነሽ እህት» በሚለው ነው። በዓለም ሁለተኛ የወጣች ሴት በእህቷ ስም ከተጠራች፣ በእኛ ቤት ከክፍሏ አሥረኛ የወጣችው ልጅ ምን ትባል ይሆን?

ሰኔ 30 ካርድ ይዘው ሲመጡ ከብዙ ወላጅ አፍ የሚወጣው «እህትሽን አታዪም?» ነው። ይህ «ጥሩነሽ ወይስ መሠረት?» ብሎ የመከራከርን ያህል እንኳ ፍትሐዊ አይደለም። እነርሱ ቢያንስ አንድ መስመር ላይ ቆመው፣ አንድ ተኩስ ሰምተው ነው የተነሡት። ልጆቻችን ግን ዕድሜያቸው፣ ዝንባሌያቸው፣ አንዳንዴም አስተማሪያቸው ይለያያል። ከማወዳደራችን በፊት የረዳቱን ጥያቄ ብንጠይቅ ይበጃል፤ ወዴት እየሄደች ነው?

ይህ ማለት በቤት ውስጥ ውድድር ይቅር ማለት አይደለም። መሠረት ባትኖር ጥሩነሽ ያን ያህል ትፈጥን እንደነበር እጠራጠራለሁ፤ እንዲሁም በተቃራኒው። ልዩነቱ አወዳደራችን ላይ ነው። አንዷን ለማሞገስ ሌላዋን ካላሳነስን፣ «በምን?» የሚለውንም ካልረሳን፣ ፉክክር ልጆችን ያሳድጋል።

በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ይሞክሩት። የለንደኑን የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ከልጆችዎ ጋር ሆነው ይዩ። ከዚያ ክርክሩን ይክፈቱ፤ ግን በአንድ ሕግ። ጥሩነሽን የሚደግፍ ስለ መሠረት ይከራከር፣ መሠረትን የሚደግፍ ስለ ጥሩነሽ። ልጆች ያልመረጡትን ሰው ጉብዝና ፈልገው ሲያገኙ ማየት ደስ ይላል። ሩጫው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ክርክሩ ግን እራቱን ሊያቀዘቅዘው ስለሚችል አስቀድማችሁ ብሉ።