የበቀቀን ቀለብ

በቀቀን የሰውን ቃል መልሳ መናገር በመቻሏ በዓለም ሁሉ የታወቀች ወፍ ናት። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ይገዟታል፤ ያማረ የሽቦ ጎጆ ይሠሩላታል፤ ስም ያወጡላታል፤ ሰላምታም ያስተምሯታል። ነገር ግን አንደበቷን ለማሠልጠን ከሚደክሙት መካከል ስለ ቀለቧ አጥብቆ የሚጠይቀው ሁሉም አይደለም። ሳህኗ ከሞላ ወፊቱ ጠግባለች፤ ከጠገበችም ተመግባለች ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ሆድን መሙላትና መመገብ ግን አንድ ነገር አለመሆኑን ለመግለጽ በዛሬው ገጻችን ስለዚሁ ጕዳይ ጥቂት ልንናገር ወደድን። ነገሩ የወፍ ነገር ቢመስልም፥ የሌላው ሕይወት በእጁ የተሰጠውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው።

ለምሳሌ የምናቀርበው የአፍሪካዋን ግራጫ በቀቀን ነው። አገሯ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው። ክብደቷ ግማሽ ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ሲሆን፥ በደኅና ከተያዘች ከ40 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። በደኑ ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየበረረች ፍራፍሬውን፥ ዘሩንና አበባውን ስትለቅም ትውላለች። እጅግ ከምትወዳቸውም አንዱ የዘይት ዘንባባ ፍሬ ነው። የዚህ ፍሬ ቀዩ ሥጋ፥ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ካሮቲን በብዛት ያለበት ነው።

ይህችው ወፍ ወደ ሰው ቤት ስትገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርብላት የፈረንጅ ሱፍና ኦቾሎኒ ብቻ ነው። እነዚህ ቅባት የበዛባቸው ሲሆኑ፥ ቪታሚን ኤና ካልሲየም እጅግ ያንሳቸዋል። ልዩ ልዩ እህል ተደባልቆ ቢሰጣት እንኳ የምትወደውን መርጣ በልታ የቀረውን ትበትነዋለች። ባለቤቷ «ትበላለች፤ ትወፍራለች» ብሎ ሲደሰት፥ እርሷ ከውስጥ ትጐዳለች። ቪታሚን ኤ ሲጐድል የአፍ፥ የአፍንጫና የጕሮሮ ውስጠኛ ሽፋን ይበላሻል፤ በዚያም በኩል በሽታ በቀላሉ ይገባል። ካልሲየም ሲያንሳት ትንቀጠቀጣለች፤ ከተቀመጠችበት ዕንጨት ትወድቃለች፤ እንቍላል የምትጥል እንደ ሆነም እንቍላሉ በሆዷ ሊቀር ይችላል። የቅባቱ ብዛት ደግሞ ጕበቷንና የደም ሥሯን ያሳምማል። ከሁሉ የሚከፋው ወፎች ሕመማቸውን የሚሸሽጉ መሆናቸው ነው፤ በዱር ደክሞ የታየ ቶሎ ይበላልና። ስለዚህ ባለቤቱ መታመሟን ባወቀ ጊዜ በሽታው የቈየ ይሆናል።

የምግብ ጕድለት ምን እንደሚያደርስ ለሰው ልጅ ካስተማሩት መካከል ወፎች መኖራቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ክርስቲያን አይክማን የሚባል የሆላንድ ሐኪም በጃቫ ደሴት ቤሪቤሪ የተባለውን በሽታ ይመረምር ነበር። በምርመራ ቤቱ የነበሩት ዶሮዎች እንደ በሽተኞቹ እግራቸው ዛለ። ምክንያቱ ሲጣራ፥ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈ፥ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ይበሉ እንደ ነበር ታወቀ። ያልተፈተገ ሩዝ በተሰጣቸው ጊዜ ዳኑ። ነጩ ሩዝ ሆዳቸውን ሞልቶት ነበር፤ ጤና የሚሰጠው ግን በፍትጊያ ከወጣው ቀጭን ልጣጭ ጋራ ተጥሏል። ይህ ሥራ ወደ ቪታሚን ዕውቀት ስላደረሰ፥ አይክማን እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

እንግዲህ ምን እናብላት? የበቀቀን ዐይነት 400 ያህል ስለ ሆነ ለሁሉ የሚስማማ አንድ ማዕድ የለም፤ የአበባ ማር በመላስ የሚኖሩም አሉ። ለግራጫይቱና ለመሰሎቿ ግን ብዙ የወፍ ሐኪሞች የሚመክሩት፥ ዋናው ቀለብ ተመጣጥኖ የተዘጋጀ እንክብል መኖ እንዲሆን ነው። በዚያ ላይ ካሮት፥ ዱባ፥ ስኳር ድንች፥ ጎመንና ቀይ ቃሪያ በየቀኑ እየተለዋወጠ ይጨመርላት። ቃሪያው ያቃጥላታል ብሎ የሚሠጋ አይኑር፤ የቃሪያ ማቃጠል ለወፎች አይሰማቸውም። የተቀቀለ ምስርና ጥቂት ፍራፍሬም መልካም ነው። የፈረንጅ ሱፍና ኦቾሎኒ ለሽልማት ያህል ብቻ በእጅ ይሰጣት፤ ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ ግን ጕበት የሚያበላሽ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ፈጽሞ አይቅረብ። ካልሲየም ያለ ቪታሚን ዲ ስለማይጠቅማትም ፀሐይ ታግኝ፤ በመስኮት መስተዋት ያለፈ ፀሐይ ግን ለዚህ አይረዳም። አቮካዶ፥ ቸኮላታ፥ ቡና፥ መጠጥና ሽንኩርት ይጐዷታል፤ ከእነዚህም ገዳይ የሚሆን አለ። እኛ ቡና ስንጠጣ ለወፊቱም ፉት ማስባል ፍቅር አይደለም።

ይህን ያነበበ ሰው ግን ዛሬውኑ ተነሥቶ የለመደችውን እህል ሁሉ አይንጠቃት። አዲሱን ነገር ምግብ መሆኑን ሳታውቅ በረሃብ ልትሞት ትችላለች። ለውጡ በብዙ ሳምንት፥ ጥቂት በጥቂት ይሁን፤ በየማለዳው በግራም ሚዛን ትመዘን፤ ከከሳች ሐኪም ይጠየቅ። በቀቀን የማኅበር ወፍ ስለ ሆነች፥ ባለቤቱ ካሮቱን ከፊቷ ሲበላ ብታይ እርሷም ልትቀምሰው ትደፍራለች።

«ወፊቱ ብልኅ ናት፤ የሚበጃትን ራሷ ትምረጥ» የሚል ይኖር ይሆናል። አሌክስ የተባለው ግራጫ በቀቀን እ.ኤ.አ. በ1977 በቺካጎ ከተማ ከአንድ ሱቅ ተገዝቶ፥ እስከ ሞተበት እስከ 2007 ድረስ በአይሪን ፔፐርበርግ ዘንድ ሲሠለጥን ከ100 በላይ ቃላት ዐውቋል። ቀለምና ቍጥር ይለይ ነበር፤ ፖም ሲያይ የሙዝንና የቼሪን ስም አዳቅሎ «ባነሪ» እስከ ማለት ደርሷል። ነገር ግን የሚወዱትን መጠየቅ ሌላ፥ የሚጠቅመውን ማወቅ ሌላ ነው። ይህንስ ከወጥ ቤቱ ጣፋጩን ብቻ የሚመርጥ የሰው ልጅ መቼ አጥቶት!

በአገራችንም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማትገኝ፥ አረንጓዴ፥ ክንፏ ከሥሩ ጥቍር የሆነች ትንሽ የበቀቀን ዘመድ አለች፤ ወንዱ በቀይ ግንባሩ ይታወቃል። በአዲስ አበባ የአትክልት ስፍራ ሳይቀር የምትታይ ናት። የጥዱንና የሾላውን ፍሬ ራሷ ስለምትለቅም ማንም እንዲቀልባት አያስፈልጋትም፤ ዛፉ ከተተወላት ይበቃታል። ግራጫይቱ ግን ከደን እየተያዘች በመሸጧ እጅግ ስለ ተመናመነች፥ ከዱር የተያዘችውን ከአገር ወደ አገር መነገድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል።

በጎጆ ያለችው ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሄዳ የጐደላትን ልትፈልግ አትችልም። የሰጠናት ብቻ ዓለሟ ነው። ስለዚህ በሩን የዘጋባት ሰው፥ ደኑ ይሰጣት የነበረውን ሁሉ የመተካት ዕዳ አለበት።