ከወለል በታች ያለ እሳት፦ ስለ ቤት ወለል ማሞቂያ



በሕንፃ ፊዚክስ ትምህርቴ በየዓመቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ በኮሪያና በአውሮፓ ቤቶች የሚገኘው የወለል ማሞቂያ ለአዲስ አበባ ይበጃልን? የሚል ነው። በአንድ ቃል መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ምክንያቱ ከመልሱ ይልቅ ይጠቅማልና ከአሠራሩ ልጀምር።

በክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚሰማው ከአየሩ ብቻ አይደለም። ገላችን ከግድግዳው፣ ከወለሉና ከጣሪያው ጋር ሳያቋርጥ በጨረር ሙቀት ይለዋወጣል። አየሩ ረጋ ባለበት ክፍል የአየሩንና በዙሪያችን ያሉትን ገጾች አማካይ የሙቀት መጠን ደምረን ለሁለት ብናካፍል፣ የሚሰማንን በጥሩ ግምት እናገኛለን። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ገጾቹ 14 ቢሆኑ ሰውየው የሚሰማው 17 ነው። ምድጃ ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ እየተጠበሰ ጀርባው የሚበርደውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ፊቱ ከእሳቱ ሲቀበል ጀርባው ለቀዝቃዛው ግድግዳ ይሰጣል።

የወለል ማሞቂያ ዘዴው ትንሽ ቦታን አብዝቶ በማሞቅ ፈንታ ሰፊ ገጽን በጥቂቱ ማሞቅ ነው። የአውሮፓ መስፈርት ሰው በሚኖርበት የክፍሉ ክልል የወለሉ ገጽ ከ29 ዲግሪ እንዳያልፍ ይወስናል። የቆዳችን ሙቀት 33 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እንዲህ ያለ ወለል በእጅ ሲዳሰስ ትኩስ አይመስልም። ሆኖም ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን ከእያንዳንዱ ሜትር ካሬ 100 ዋት ያህል ይወጣል። ሃያ ሜትር ካሬ ለሆነ ክፍል ሁለት ኪሎ ዋት ማለት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ያነሰ ኃይል።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ቪትሩቪየስ የመታጠቢያ ቤቶችን ወለል በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ አንሥቶ በሥሩ የእሳቱን ትኩስ ጋዝ ስለማሳለፍ ጽፏል። ይሁንና ነገሩን የተራው ሰው ቤት ዕለታዊ ኑሮ ያደረጉት ኮሪያውያን ናቸው። ኦንዶል ይሉታል። የወጥ ቤቱ ምድጃ ከመኝታ ክፍሉ ወለል ዝቅ ብሎ ይሠራል። ለምግብ ማብሰያ የነደደው እሳት ጭሱን በወለሉ ሥር በተሠሩ መተላለፊያዎች ይሰድዳል፤ ጭሱ በላዩ የተነጠፉትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሙቆ በሌላው ጫፍ ባለው ጭስ መውጫ ይወጣል። ድንጋዩ በጭቃ ይለሰናል፤ በላዩ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይለጠፋል። ክፍሉ በሙሉ አንድ ሞቃት መደብ ሆነ ማለት ይቻላል። ሰዎች የሚቀመጡት፣ የሚበሉትና የሚተኙት ወለሉ ላይ ነው። ለምድጃው የሚቀርበው ሥፍራ ከሁሉ ስለሚሞቅ ለአረጋውያንና ለእንግዳ ይለቀቃል፤ የቤቱ የክብር ቦታ የተወሰነው በሙቀት ፍሰት ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ እሳቱ ሰውን እያሞቀ ጭሱ ከሰው ትንፋሽ መለየቱ ነው። ልዩነቱን የሚጠብቀው ግን የጭቃ ልስን ብቻ ነበር። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ደን ተመናምኖ ስለነበር ማገዶን ለመተካት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከድንጋይ ከሰል ብናኝ የተጠፈጠፈ ክብ ነዳጅ በየቤቱ ገባ። ርካሽ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ይነዳል። በዝግታ የሚነድ ከሰል ደግሞ ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ይጣበቃል። የማገዶ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ይቀሰቅሳል፤ ይህኛው አይቀሰቅስም። በተሰነጠቀ ወለል ሾልኮ እየገባ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ብዙ ሰዎችን በተኙበት ገደለ። ለተመረዘ ሰው የጎምዛዛ አትክልት ጭማቂ ማጠጣት የተለመደ የቤት ውስጥ ሕክምና ነበር፤ ሆስፒታሎችም ከፍተኛ ግፊት ያለው የኦክስጅን ክፍል አቋቋሙ።

መፍትሔው ወለሉን ትቶ በሥሩ የሚያልፈውን ነገር መለወጥ ሆነ። በጭሱ ፈንታ ሙቅ ውኃ በቧንቧ ተላለፈ፤ እሳቱም ከመኝታው ራቀ። ይህ በአሜሪካም ተሞክሮ ነበር፤ ፍራንክ ሎይድ ራይት በቶኪዮ ያየው ኮሪያዊ ክፍል እጅግ ማርኮት፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በማዲሰን ከተማ ለጄኮብስ ቤተሰብ በተሠራው ቤት ቧንቧዎቹን ከኮንክሪቱ ወለል ሥር አስቀበረ። የብረትና የመዳብ ቧንቧዎች ግን ውለው አድረው ያፈስሱ ነበር፤ ለመጠገንም ወለል መስበር ግድ ነበር። ዛሬ የሚቀበረው ዝገት የማይነካው ልዩ ፕላስቲክ ነው።

ውኃው 35 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ይበቃል መባሉ ለኃይል ቁጠባ ትልቅ ትርጉም አለው። ሙቀትን ከውጭ አየር ቀድቶ ወደ ቤት የሚያስገባ የሙቀት ፓምፕ፣ ውጩ ዜሮ ሲሆን እስከ 35 ለማድረስ በንድፈ ሐሳብ ለ1 ክፍል ኤሌክትሪክ 8.8 ክፍል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። እስከ 60 አድርስ ቢባል ጣሪያው 5.6 ነው። እውነተኛ መሣሪያ ከዚህ እጅግ ያነሰ ይሰጣል፤ የሁለቱ ልዩነት ግን አይጠፋም።

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ። ቧንቧውን የሚሸፍነው 65 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ በሜትር ካሬ 130 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ50 ዋት ሙቀቱን በ5 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ለመቀዝቀዝም እንዲሁ ይዘገያል። ለወራት ለሚዘልቅ የሴኡል ክረምት ይህ ጸጋ ነው። የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ግን ማታ ገብቶ ረፋድ ላይ በፀሐይ ይባረራል። ወለሉ ሞቆ ሲያበቃ ቤቱ አያስፈልገውም። ስለዚህ መልሴ አይበጅም ነው፤ ያን ያህል ወጪ አውጥቶ ፀሐይ በነጻ በምታሞቀው ሰዓት ቤት ማሞቅ ትክክል አይመስለኝም።

ብርዱ ግን አለ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክዳን በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየረጨ ከውጩ አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ማለዳ የሚታይበት ጤዛ ምስክር ነው። በሥሩ የተኛ ሰው ለዚያ ቀዝቃዛ ገጽ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይሰጣል። ሲብሰው የከሰል ማንደጃ ያስገባል። ብዙዎቻችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ እናስገባዋለን፤ ጭሱ ሲያልቅ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አላለቀም። በር ተዘግቶ፣ ስንጥቁ በጨርቅ ተወትፎ ሲታደር የሴኡሉ ሞት ያለ ቧንቧና ያለ ኦንዶል ይደገማል።

ስለዚህ እዚህ መጀመር ያለብን ከላይ ነው እላለሁ፤ ከቆርቆሮው ሥር አየር ትቶ የተወጠረ ኮርኒስ፣ በላዩም ቢቻል ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ። የክዳኑን ቅዝቃዜ ከተኛው ሰው ይጋርዳል፤ ነዳጅ አይፈልግም፤ አየር አይበክልም። በአንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከኮርኒሱ በፊትና በኋላ የገጾቹን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ለመለካት ጥቂት ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ይበቃል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩኝ።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።