ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የማን ነው?

ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ደላላውን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ካርታው በማን ስም ነው? የባንክ ዕዳ አለበት? ስፋቱ ስንት ካሬ ነው? ውሃና መብራት ገብቷል? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ገብቷል» የሚል አንድ ቃል ሲሆን፣ ገዢውም ቆጣሪዎቹን በዓይኑ አይቶ ወደ ዋጋ ክርክሩ ያልፋል። ውሃው ከቆጣሪው ተነስቶ በየት በኩል ዞሮ ቤቱ እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ጥያቄው የሚነሳው ገዢው አሮጌውን ቤት አፍርሶ ሕንፃ ሊያቆም እስካቫተር ተከራይቶ ግቢ ካስገባ በኋላ ነው።

ከመሬት በታች የተቀበረ መስመር ሁለት ዓይነት ባለቤት አለው። ከዋናው መንገድ እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ ውሃ ከሆነ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ መብራት ከሆነ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይጠየቅበታል። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው ደግሞ የደንበኛው ንብረት ነው። ቧንቧው ቢፈነዳ የሚያስጠግነው ባለቤቱ ነው፤ የፈሰሰውም ውሃ ቆጣሪው ውስጥ ስላለፈ ሂሳቡ በስሙ ይመጣል።

«የሕዝብ» እና «የግል» የሚሉት ቃላት አንዳንዱን ሰው ያሳስታሉ። ልዩነቱ ድርጅቱ የመንግሥት ወይም የግል በመሆኑ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የግል ኩባንያ ነው፤ በመንገድ ዳር የሚዘረጋው መስመር ግን ለሚቆፍር ሰው ከኢትዮ ቴሌኮም መስመር የሚለይ አይደለም። ሁለቱም ሕዝብ የሚገለገልባቸው፣ ሲቆረጡ ጠያቂ ያላቸው ናቸው። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ደህንነት ለመጠበቅ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 464 መውጣቱም መታወስ አለበት። መንገድ ላይ ያለፈቃድ መቆፈርማ ገና ከጅምሩ ያስጠይቃል።

ለኢንቨስተሩ ይበልጥ አስቸጋሪው ግን የግሉ መስመር ነው። የሕዝቡ መስመር ጎደሎም ቢሆን በባለቤቱ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት መረጃ ይኖረዋል። ከቆጣሪ ወዲህ የተቀበረውን ግን የሚያውቀው የዘረጋው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ከሃያ ዓመት በፊት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ከጄኔሬተር ቤት ወደ ዋናው ማከፋፈያ የሚሄደው ኬብል፣ ከግል የጉድጓድ ውሃ ወደ ሮቶ የሚወጣው ቧንቧ፣ ወደ ሰርቪስ ቤት የተሳበው መብራት፣ ከመጸዳጃ ቤት ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ የሚወርደው መስመር፣ የበሩና የካሜራው ሽቦ ሁሉም የግል ናቸው። በይዞታ ማረጋገጫው ላይ አንዳቸውም አይታዩም።

ነገሩ ከሁሉ የሚወሳሰበው ግቢ ተከፍሎ ሲሸጥ ነው። ወራሾች የአባታቸውን ግቢ ተካፍለው፣ የፊት ለፊቱ ለነጋዴ ተሸጠ እንበል። የኋለኛው ወራሽ ውሃም መብራትም የሚያገኘው በድሮው አዘራረግ፣ በተሸጠው ቦታ ውስጥ አልፎ ነው። ነጋዴው ለመሠረት ሲያስቆፍር ቧንቧው ይበጠሳል፤ ጎረቤት ውሃ አጥቶ ወደ ወረዳ ይሮጣል፤ ሥራው ይቆማል፤ የእስካቫተሩ ኪራይ ግን ቆሞም ይቆጥራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመር በሌላው ሰው መሬት ላይ ስለሚያልፍበት ሁኔታ የሚናገር ድንጋጌ ስላለው፣ «መሬቱ የኔ ነው፣ በጠስኩት» ማለት ብቻውን የሚያዋጣ ክርክር አይደለም። እዚህ ላይ ደላላው ምን ያህል እንደሚያውቅና ምን ያህሉን እንደሚናገር አንባቢ ራሱ ይገምት።

ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ የተቀበረውንም ቧንቧ አብሮ ይገፋል፣ ይስባል። በዚህ ምክንያት ግንበኛው አፈሩን ጠርጎ ሰሌክት እስኪሞላ ድረስ ከሌላው ቦታ ጠልቆ ይቆፍራል፤ መስመር የመንካት ዕድሉም በዚያው ልክ ይጨምራል። በቁፋሮ የተሰነጠቀ ቧንቧ ሳይታወቅ ተቀብሮ ከቀረ ደግሞ የሚያንጠባጥበው ውሃ አፈሩን አሳብጦ አዲሱን መሠረት ከሥር ያነሳል። ከመሬት በላይ የሚፈልጉ መሣሪያዎችም ቢሆኑ ሁሉን አያዩም። የኬብል መፈለጊያው ብረትንና ኤሌክትሪክ የተሸከመ ሽቦን ያገኛል፤ ፕላስቲክ ቧንቧ ግን ሽቦ አብሮት ካልተቀበረ አይታየውም። የራዳሩም ሞገድ እርጥብ ሸክላ አፈር ውስጥ ብዙ አይዘልቅም።

ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው ሦስተኛ ዓይነት ባለቤት ይገጥመዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያ የሆነውን ከግል ቤቱ ስለሚለይ፣ በግቢው ውስጥ የሚያልፈው የጋራ መስመር የመንግሥትም የአንድ ነዋሪም አይደለም፤ ጥያቄው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ምድር ቤት ሱቅ ገዝቶ ወለል ለማስቆፈር የተነሳ ነጋዴ ይህን ቢያስብበት ይበጀዋል።

ከአሜሪካ ተመልሰው ግንባታ የጀመሩ ወገኖች የ811ን ነገር ያነሳሉ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቆፋሪ ሁሉ ወደዚህ ቁጥር ከደወለ፣ የየመስመሩ ባለቤቶች መጥተው በነፃ ቀለም ይቀቡለታል፤ ለውሃ ሰማያዊ፣ ለመብራት ቀይ፣ ለጋዝ ቢጫ፣ ለስልክ ብርቱካናማ፣ ለፍሳሽ አረንጓዴ። ያም ቢሆን ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ከቆጣሪው አያልፍም። የግሉን ማስፈለግ የሚሻ ገንዘብ ከፍሎ የግል ባለሙያ ይቀጥራል።

እኛ ዘንድ ያለው ርካሽ ዘዴ ውል ከመፈረሙ በፊት ግማሽ ቀን ይወስዳል። በግቢው ያሉ ቧንቧዎች በሙሉ ይዘጉና የውሃ ቆጣሪው ይታያል፤ አሁንም ከዞረ ወይ ፍሳሽ አለ፣ ወይ ያልተነገረ ሰው ይጠጣል። ቀጥሎ የመብራቱ ዋና ማብሪያና ማጥፊያ ይጠፋና በአጥሩ ማዶ ማን እንደጨለመበት ይጠየቃል። መስመር በሚጠረጠርበት ቦታ የሙከራ ጉድጓድ በዶማና በአካፋ ያስቆፍራል፤ እስካቫተሩ ከዚያ በኋላ ይገባል። ሻጩም የሚያውቀውን መስመር በአንድ ወረቀት ላይ ነድፎ፣ ያላሳየው መስመር ቢገኝ የማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ተጽፎበት፣ ከሽያጩ ውል ጋር ቢያያዝ ጥሩ ነው። ለመንደፍ የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠመ፣ ዋጋው ላይ ያለው ክርክር እንደገና ይጀመራል።