ጎማና ውሃ፦ ቤት የሚሠራው ውሃ ልክ

የሐምሌ ዝናብ ሳሎኑ ድረስ የገባበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጣሪያውን ነው። እኔም ሁለት ክረምት ሙሉ አሸንዳ ሳስጠግን ከረምኩ። በሦስተኛው ግን ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ግንበኛ የተጠቀለለ ቀጭን ጎማ ይዘው መጡና «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ» አሉኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥፋቱ ተገኘ፤ በረንዳው ራሱ ወደ ቤት አዘንብሏል።

ሱቅ የሚሸጠው ውሃ ልክ በመስታወቱ ውስጥ አረፋ የያዘው ነው። ለአጭር ሥራ ጥሩ ነው፤ ርዝመቱ ግን ያግደዋል። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ውሃ ልክ በአንድ አነሳስ 1 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ እያንሸራተቱ 6 ሜትር ሲደርሱ ስህተቱ 1 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ይችላል። ጎማው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካው በአንድ ጊዜ ነው። ማዕዘን ዞሮ፣ ከግድግዳ ጀርባ አልፎ፣ ዓይን በማያይበት ክፍል ውስጥም ይሠራል። «ውሃ ልክ» የሚለው ስም ከአረፋው ይልቅ ለእሱ የተገባ ይመስለኛል።

የሚያስፈልገው ውስጡ የሚታይ፣ የቀዳዳው ስፋት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ 10 ሜትር ጎማ ነው። ውሃውን ከላይ አያንቆርቁሩበት፤ አየር ይዞ ይገባል። ባልዲውን ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጠው አንዱን ጫፍ ይንከሩት፣ በሌላኛው ጫፍ ሳብ አድርገው ዝቅ ሲያደርጉት በራሱ ይወርዳል። አረፋው በሙሉ ተጠርጎ እስኪወጣ ይፍሰስ። ውሃው ላይ ጠቆር ያለ ሻይ ጠብ ቢያደርጉበት መስመሩ ጎልቶ ይታያል። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ያቁሙ። የውሃው ከፍታ እኩል ካልሆነ የሆነ ቦታ አየር ተደብቋል ማለት ነውና እንደገና ይሙሉ። ይህን ፈተና ዘለው ወደ ሥራ አይግቡ።

አሠራሩን የሚሸከመው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ጫፎች ክፍት ሲሆኑ አየሩ ሁለቱን እኩል ስለሚጫን ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሲንቀሳቀሱ አፉን በአውራ ጣት ይዝጉ፣ ሲለኩ ግን ሁለቱንም ይክፈቱ። አንዱ ጫፍ ፀሐይ ላይ ሲግል ሌላው ጥላ ውስጥ ከቆየም ልኬቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊዛነፍ ይችላል፤ የሞቀ ውሃ ቀላል ነውና።

ግንበኛው ያደረጉት ይህን ነው። በሩ ሥር ከወለሉ 1 ሜትር ከፍታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። እኔ ጎማውን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ውሃውን ከምልክቱ ጋር ሳገጥም፣ እሳቸው በረንዳው ጫፍ ባለው ምሰሶ ላይ ውሃው የረጋበትን ምልክት አደረጉ። ከዚያ ምልክት እስከ ሊሾው ሲለካ 96 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ጫፉ ከደጃፉ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ውሃው ወደ እኛ ባይመጣ ነበር የሚገርመው። በረንዳ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ መውረድ አለበት። በጥቅምት ሊሾውን አፍርሰን በዚሁ ልክ አስደረግነው።

የጎማው ወንድም ቱንቢ ነው። ከባድ ዳዶ በሲባጎ አስረው ከላይ ሲያንጠለጥሉት፣ የበር መቃን ወይም የቁም ሳጥን ጎን ቀጥ ማለቱን ይነግርዎታል። ነፋስ አላስቆም ካለው ዳዶውን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ያጥልቁት፤ ወዲያው ይረጋል። ስኳድራ ከሌለ ደግሞ ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ለክተው ነጥብ ያድርጉ፤ በነጥቦቹ መካከል ልክ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው።

ያ ጎማ አሁን እኔ ቤት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። መደርደሪያ የሚሰቅልም፣ የሽንት ቤት ሴራሚክ የሚያስነጥፍም ጎረቤት ይወስደዋል። ሲመልሱልኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃውን አፍስሰው ያድርቁት። ውሃ ከከረመበት ውስጡ አረንጓዴ ያበቅልና መስመሩ አይታይም።