ወርቁ ይበየዳል፣ ጣቱስ?

አንድ ዕለት ከሱብሒ ሶላት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ በራችንን አንኳኳ። ማታ የብረት በር በእናቱ እጅ ላይ ተዘግቶ ኖሮ፣ የቀለበት ጣታቸው ሌሊቱን ሲያብጥ አድሯል። ቀለበቱ በእብጠቱ መካከል ሰምጧል፤ የጣቱ ጫፍ ጠቆር ብሏል። ቤተሰቡ በሳሙና ቢጎትተው ባሰበት እንጂ አልወጣም። ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ ሲባሉ ግን እናት እምቢ አሉ። «ይቆርጡብኛል! የመህሬ ቀለበት እኮ ነው።»

አግባብተን ወሰድናቸው። ነርሷ ጣታቸውን አየችና፣ «እማማ፣ ወርቁን አንጥረኛ ይበይድልዎታል፤ ጣት የሚበይድ አንጥረኛ ግን የለም» አለቻቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ቀለበቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተቆርጦ ወጣ፤ ጣታቸውም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ።

ውድ አንባቢያን! ጣት ሲያብጥ ቀለበት አስቀድሞ የሚያግደው ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ነው። የሚገባው ደም ስለማይቆም እብጠቱ ይጨምራል፤ እብጠቱ ሲጨምር ቀለበቱ ይበልጥ ያንቃል። በመጨረሻ የሚገባውም ደም ይቋረጥና ጣቱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እጅ ሲመታ፣ ሲቃጠል ወይም ንብ ሲነድፈው እብጠቱ ሳይቀድመን ቀለበቱን እናውልቅ።

ቀለበቱ ጠብቆ፣ ጣቱ ግን ካልቆሰለ፣ ካልተሰበረና ቀለሙ ካልተለወጠ በቤት መሞከር ይቻላል። እጅን ከልብ ከፍ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ በቀዝቃዛ ውኃ መንከር፣ ከዚያም ሳሙና ወይም ዘይት ቀብቶ ቀለበቱን እያዞሩ በቀስታ መግፋት ነው። በጉልበት መሳብ እብጠቱን ያባብሳል።

ጣቱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ሕመሙም ከበረታ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ባለሙያዎቹ ጣቱ ከፈቀደ የክር ዘዴ ይጠቀማሉ። የክሩን አንድ ጫፍ በቀለበቱ ሥር አሳልፈው፣ የቀረውን ከቀለበቱ ጀምረው እስከ አንጓው ማዶ ጥቅጥቅ አድርገው ይጠመጥማሉ። በሥር ያለፈውን ጫፍ ወደ ጣቱ ጫፍ እየሳቡ ሲተረትሩት ቀለበቱ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ይህ ካልሆነ ትንሽ ክብ መጋዝ ያለው መቁረጫ አለ፤ በቀለበቱ ሥር የሚገባው ምላስ መሰል ብረት ቆዳውን ከመጋዙ ይከልላል። ወርቅና ብር በቀላሉ ይቆረጣሉ። ቲታኒየም ጠንከር ያለ መሣሪያና ሙቀቱን የሚያበርድ ውኃ ይሻል። ተንግስተን ካርባይድ ደግሞ በዚህ መጋዝ አይቆረጥም፤ በተቆላፊ ፒንሳ ቀስ በቀስ ተጨምቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀለበቱ ከምን እንደተሠራ የሚያውቅ አስቀድሞ ይናገር።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የብር ቀለበት ያደርጉ ነበር። በውዱእ ጊዜም ውኃው ከሥሩ እንዲደርስ የጠበበ ቀለበትን ማንቀሳቀስ እንደሚገባ ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት አስተምረዋል። በየውዱኡ ቀለበቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው መጥበቡን ቀድሞ ያውቃል። በተለይ ነፍሰ ጡር እህቶቻችን፣ ጣታችሁ ማበጥ ሲጀምር ቀለበታችሁን አውልቃችሁ አስቀምጡ። እጅና ፊት በድንገት አብጦ የራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተከተለ ደግሞ ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የጎረቤታችን ቀለበት ተበይዶና ሰፋ ተደርጎ ዛሬም ጣታቸው ላይ አለ። አካላችን የአላህ (ሱ.ወ.) አማና ነው፤ ወርቅ ከአማና አይበልጥም። ወላሁ አዕለም።